ነቀዝ የሸሸው ጎተራ

አያ ዳኘው ከክሊኒኩ የወጡት ተቆጥተው ነበር፤ መናኸሪያው እስኪደርሱም ቁጣቸው አልበረደም። የሟች ልጃቸውን ሚስት አምለሰትን ይዘው በጧት ፍኖተ ሰላም ገብተው፣ እስከ ቀትር ወረፋ ጠብቀው፣ ያገኙት አንዲት ብልቃጥ ቅባት ነበረች። «ለመቀባትማ ቅቤስ ቤታችን መች ጠፋ» እያሉ ከፊት ከፊት ሲገሰግሱ፣ አምለሰት የደነዘዘ እግሯን እየጎተተች ትከተላለች። ቆም ብለው አልጠበቋትም። ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ የተቆጣ ሰው ከኋላው ያለውን አያይም።

አያ ዳኘው በማንኩሳና በቡሬ መካከል ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ የቦይ አባት ናቸው። የቦይ አባት የመስኖውን ውሃ በተራ የሚያከፋፍል፣ ቦዩ በደለል ሲደፈን ሰው ጠርቶ የሚያስጠርግ፣ ውሃ የሰረቀውን የሚቀጣ፣ አገሬው መርጦ የሾመው ሽማግሌ ነው። ደመወዝ የለውም፤ ክብር ግን አለው። ከዚህ ክብር ሌላ አንድ ኩራት ነበራቸው፤ እሱም ጎተራቸው ነው። ያ አገር የበቆሎ አገር ነው፤ በቆሎ ካለ ደግሞ ነቀዝ አለ። ክረምት ሲገባ የሰው ሁሉ እህል እየተቦረቦረ ዱቄት ሲሆን፣ የአያ ዳኘው በቆሎ ከአውድማ እንደ ገባ ነው የሚቆየው። ጎረቤት የነቀዘ እህሉን ፀሐይ ላይ ሲያሰጣ ባዩ ቁጥር፣ «ምነው፣ ለነቀዙ ሠርግ ደገሳችሁለት?» ይሉ ነበር። አመድ በዱቄት ይስቃል እንዲሉ ነው። ተረቱ በእሳቸው ቤት ቃል በቃል እንደሚፈጸም ግን ገና አላወቁም።

የቡሬው ሚኒባስ እስኪሞላ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ከአጠገባቸው ተቀምጣ የነበረች ወጣት ሴት ዞር ብላ አየቻቸውና ብድግ አለች።

«አያ ዳኘው አይደሉም እንዴ? እንዴት ዋሉ? ያምሮት ነኝ፤ የመሪጌታ ክንፈሚካኤል ልጅ።»

አወቋት። አባቷ ቅኔ መምህር ናቸው፤ እሷ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የደም ሕዋሳትን እያጠናች ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ወላጆቿን ልትጠይቅ ወደ ቡሬ እየሄደች ነበር።

«የወንዳወቅን ነገር ሰምቼ ሳልደርስ ቀረሁ። ነፍስ ይማር» አለች።

«አሜን። ሙት ዓመቱ የፊታችን ቅዳሜ ነው። ነይ። እህሉ ሞልቷል፤ አገር ጠርቼ አበላለሁ።»

ያምሮት አምለሰትን ልትጨብጣት እጇን ስትዘረጋ የአምለሰት መዳፍ ሻከራትና ገልበጥ አድርጋ አየችው። መዳፏን እንደ ማሽላ ፍሬ የጠጠረ ነገር ወርሶታል። አንገቷ ላይ ደግሞ አቧራ ላይ ዝናብ የነጠበ የሚመስል ጠቆር ነጣ ያለ ነጠብጣብ አለ። ያምሮት እጇን ሳትለቅ ቀና አለች።

«አያ ዳኘው፣ የምትጠጡት ውሃ ከየት ነው?»

«አንችም እንደ ሐኪሙ ልትመረምሪን ነው? ከምንጩ ነው። አገር የሚጠጣው ነው።»

«ሌላ ሰው ቤት እንዲህ ያለ እጅ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያ በእናንተ ቤት ብቻ የሚበላ ምን አለ?»

አያ ዳኘው በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈካ። ወገባቸውን ቀና አድርገው፣ «በእኛ ቤት ብቻ የሚበላውማ ጥሩ እህል ነው» አሉ። «ነቀዝ የማያውቀው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መብራት የዘረጉ ሰዎች የተሰባበረና የተረፈ የኮረንቲ ምሰሶ ሜዳ ላይ ጥለው ሄዱ። አረንጓዴ የሚል እንጨት ነው፤ ምስጥ አይደፍረውም። ለአጥር ሞከርሁት፤ መሬት ውስጥ ስንት ክረምት ቆሞ አልበሰበሰም። ይህማ ኃይል ያለው እንጨት ነው ብዬ አነደድሁት፤ አመዱን ከእህሉ ጋር አሸሁት። ነቀዝ ድራሹ ጠፋ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም። ቅዳሜ ግን ለሚመጣው ሰው ሁሉ ከአመዱ እያፈስሁ ላድል አስቤያለሁ፤ ለልጄ ነፍስ።»

የጎጃም ገበሬ እህሉን በአመድ ማሸት ከአባቱ የወረሰው ብልሃት ነው፤ ነውር የለበትም። ነውሩ ያለው አመዱ የምን አመድ ነው ብሎ አለመጠየቁ ላይ ነው። ያምሮት ፊቷ ተለዋወጠ።

«ምስጥ ያን እንጨት እምቢ ሲል፣ ለምን እምቢ እንዳለ ጠይቀው ያውቃሉ?»

«ምስጥን ምን ብዬ ልጠይቅ?»

«እንጨቱን የነከሩት አርሰኒክ ባለበት መድኃኒት ነው። አርሰኒክ መርዝ ነው። እንጨቱ ሲነድ መርዙ አብሮ አይነድም። ገሚሱ በጭሱ ይወጣል፤ የቀረው አመዱ ውስጥ ይቀመጣል። ነቀዙን የገደለው እሱ ነው። የአምለሰትን እጅ እንዲህ ያደረገውም እሱ ሳይሆን አይቀርም።»

«መርዝ?» አሉ አያ ዳኘው። «እኔ ነኝ ለቤቴ መርዝ ያበላሁ? መርዝ የበላ ሰው ሳያድር ይሞታል። እኛ ዓመት ከዓመት እየበላን ቆመን እንሄዳለን። እህሉ ሲፈጭም ይታጠባል።»

«ብዙ የበላ ሳያድር ይሞታል። ጥቂት ጥቂት የበላ ግን ሳያውቀው ነው የሚያልቅ። ታጥቦም ሙልጭ ብሎ አይለቅ።» ያምሮት እዚህ ላይ ማቆም ነበረባት፤ አላቆመችም። «ወንዳወቅ ምን አሞት ነበር የሞተው?»

አያ ዳኘው ከተቀመጡበት ተነሡ። «ልጄን አታንሺብኝ» አሉ። በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። «አባትሽን ስለማከብር ነው እንጂ ሌላ በተናገርሁሽ ነበር። ፊደል ቆጠርን የምትሉ ሁሉ እንዲህ ናችሁ። የሰው ቁስል ላይ እንጨት ትሰዳላችሁ።»

በዚህ ነገር አያ ዳኘው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። የተማረ ሰው ትልቁ ጥፋቱ እውነትን መናገር እውነትን ማስረዳት የሚመስለው መሆኑ ነው። ሽማግሌው አመዱ መርዝ ነው የሚለውን ካመኑ፣ ከዚያ ቀጥሎ ማመን ያለባቸውን ነገር ያምሮት አላሰበችውም። እሳቸው ግን በአንድ አፍታ አስበውታል። ወንዳወቅ የሞተው ባለፈው ዓመት ቦይ ሲጠረግ፣ አካፋውን እንደ ያዘ ደረቱን ጨብጦ ነው። ከዚያ በፊት ለወራት ዳገት ሲወጣ ደረቴን አፈነኝ ይል ነበር። በሞተበት ዕለትም አረፍ ሲል አይተውት፣ በሰው ፊት፣ «የቦይ አባት ልጅ ሆነህ ሰነፍህ» ብለውታል። ከልጃቸው ጋር የተነጋገሩት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። የቁጣቸው ሥር እዚያ ነበር።

ሚኒባሱ ሞላና ሦስቱም አንድ ወንበር ላይ ተጣበው ተቀመጡ። ማንኩሳን ሲያልፉ አያ ዳኘው ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ ተናገሩ።

«ልብና አመድ ምን አገናኛቸው? አመድ የሚበላው በሆድ ነው። ልጄን የያዘው ልቡን ነው።»

ያምሮት በዚህ ጊዜ አልቸኮለችም። «አያ ዳኘው፣ ቦይ ሲያስጠርጉ ደለሉን የት ነው የሚያስጥሉት?» አለች።

«ከቦዩ ከንፈር አርቄ ነዋ። አፋፉ ላይ የሚከምረውን እቀጣዋለሁ። ጎርፍ ይመልሰዋላ።»

«ደለሉን በአካፋ አንሥቶ፣ ወደ ውጭ ሳይጥል፣ እንደ ታቀፈው ቦዩ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ቢኖርስ?»

«እብድ ነው እንጂ ሰው ነው?»

«አንድ ሰው ሳይሆን ደቦው ሁሉ እንዲያ ቢያደርግስ?»

አያ ዳኘው ነገሩ ሥራቸው ስለሆነ ሳይወዱ አሰቡበት። «ያማ ከደለሉም የባሰ ነው። ጠራጊው ራሱ ደለል ሆነ ማለት ነው። ውሃው በየት ያልፋል?»

«በሰው ደም ውስጥም እንዲህ ያለ ደቦ አለ» አለች ያምሮት። «ነጭ የደም ሕዋስ የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ጠባቂዎች ናቸው። ቁስል ሲያመረቅዝ የሚዋጉልን እነሱ ናቸው። ከእነሱ መካከል በላተኛ የምንላቸው አሉ። ከልብ የሚወጣውን ደም ተቀብሎ የሚያደርሰውን ሥር ደም ቅዳ እንለዋለን፤ በላተኞቹ በደም ቅዳው ግድግዳ ውስጥ እየገቡ እዚያ የተጠራቀመውን ስብ ይለቅማሉ። የለቀሙትን ደግሞ መልሰው ያስወጡታል፤ ደሙ ተሸክሞ ወደ ጉበት ይወስደዋል። አርሰኒክ ሲገባባቸው ግን መልቀሙን አይተዉም፤ የሚያቅታቸው ማስወጣቱ ነው። ስቡን እንደ ታቀፉ ያብጣሉ፤ እዚያው ይሞታሉ። በሞቱት ላይ ሌሎች ይመጣሉ፤ እነሱም እንደዚያው። ግድግዳው ውስጥ ጓል ይሠራል። ጓሉን የሸፈነው ስስ ልባስ አንድ ቀን የተቀደደ እንደሆነ፣ ደም እዚያ ላይ ይረጋና መንገዱን ይዘጋዋል። ልብ ለራሷ የምትጠጣውን ደም ታጣለች። ሰውዬው ደረቱን ይይዛል።»

«ይህን ማን አየው?» አሉ አያ ዳኘው።

«አርሰኒክ ያለበት ውሃ በጠጡ አይጦች ላይ ታይቷል።»

«እኔ አይጥ ነኝ?»

«አይደሉም። ግን በሌላ አገር እንዲህ ያለ የጉድጓድ ውሃ ለብዙ ዘመን የጠጡ ሰዎች በልብ ሕመም ከሌላው አብልጠው ሲሞቱ ታይቷል። መዳፋቸውም እንደ አምለሰት መዳፍ ነበር።»

«እንግዲያው ቁርጡን ንገሪኝ» አሉ። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር፤ ስብራቱን ለመደበቅ የባሰ ጮኹ። «ልጄን የገደለው የእኔ አመድ ነው?»

«አላውቅም።»

«ካላወቅሽ ለምን ትናገሪያለሽ?»

«ልብን የሚያሳምመው ብዙ ነገር ነው። ተመርምሮ አልተቀበረም፤ እንግዲህ ማንም ቁርጡን ሊነግርዎ አይችልም። ለሞተው አላውቅም፣ አያ ዳኘው። ለሚበሉት ግን አውቃለሁ።»

እስካሁን ድረስ አምለሰት በመስኮቱ በኩል ዝም ብላ ነበር። በአማቷ ፊት ቀና ብላ ተናግራ አታውቅም።

«አባባ፣ ዶሮዎቹስ?» አለች።

«የምን ዶሮ?»

«ከጎተራው ሥር ሲለቅሙ የሚውሉት። የፊተኞቹ ሲያልቁ ፈንግል ነው አሉ። ሌላ ተካን፤ እነዚያም አለቁ። ፈንግል ነው አሉ። የጎረቤት ዶሮ ግን ከአጥሩ ወዲያ ሲጭር ነው የሚውል። ፈንግል የእኛን በር ብቻ ነው የሚያውቅ?»

«ዝም በይ።»

«ዓመት ሙሉ ዝም አልሁ። ባሌን ስቀብር ዝም አልሁ፤ እግሬ መሬት መርገጡ ሲጠፋኝም ዝም አልሁ። ከዛሬ ጀምሮ ልጆቼ ከዚያ ጎተራ አይበሉም። ለሙት ዓመቱም ከዚያ አልፈጭም። የባሌን ነፍስ በመርዝ አላስምርም።»

አያ ዳኘው አንገታቸውን ደፉ። እኔ እንደሚመስለኝ ያንበረከካቸው የያምሮት ትምህርት ብቻ አይደለም፤ ትምህርቱ መንገዱን ጠርጎ ነበር፣ ውሃውን የለቀቀችው ግን አምለሰት ናት። ምስጥ ትቶታል፤ ነቀዝ ሸሽቶታል፤ ዶሮ በልታው ሞታለች። ከዚያ ሁሉ ፍጥረት መካከል ይህን እያየ ሳይጠይቅ የበላው ሰው ብቻ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለ ቤት ነው፤ እህሉን ከነቀዝ አዳኑ፣ የሚበላውን ሰው ግን ለመርዝ ሰጡ።

ሚኒባሱ ሲያወርዳቸው ያምሮትም አብራ ወረደች። ቤት እንደ ደረሱ አያ ዳኘው ገብተው ክብሪት ይዘው ወጡ። ጎተራው ሥር ጭድ መጎስጎስ ጀመሩ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?» አለች ያምሮት።

«ላቃጥለው ነዋ። አመድ አምጥቶብኛል፤ አመድ አደርገዋለሁ።»

«አያ ዳኘው፣ በእሳት አይደለም እንዴ የጀመረው? ቢያቃጥሉት መርዙ በጭስ ወጥቶ ልጆቹ ይምጉታል። የቀረው አመድ ሆኖ በጎርፍ እርስዎ ወደሚጠብቁት ቦይ ይገባል።»

ክብሪቱን እንደ ያዙ ቆሙ። ከዚያ የጎተራው ደጃፍ ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «ሰነፍ አልሁት እኮ» አሉ። «ደረቱ ተዘግቶበት ሲቆም፣ ሰነፍ አልሁት።» አምለሰት አጠገባቸው ቁጭ አለች።

በማግሥቱ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ተጠርቶ መጣ። ከምንጩና ከቦዩ የራቀ፣ ጎርፍ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ተመረጠ፤ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ወፍራም የላስቲክ ሸራ ተነጠፈበት። አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ትቢያው እንዳይነሣ ውሃ እያርከፈከፉ፣ በቆሎውንና አመዱን ከተቱት፤ አፈር መለሱበት፤ ከብት እንዳይገባ በእሾህ አጠሩት። የዓመት ልፋት አፈር ሲለብስ ማየት ለገበሬ ቀላል ነገር አይደለም። አያ ዳኘው ግን ከሁሉ በላይ የጎዳቸው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነበር። ለሙት ዓመቱ እህል የለም። እሳቸው ይስቁባቸው የነበሩትን ጎረቤቶች ደጅ መጥናት ግድ ሆነባቸው።

መጀመሪያ የሄዱት ገነነ ዘንድ ነው፤ በነቀዙ ከሁሉ አብልጠው ያፌዙበት ጎረቤት ነውና። ገነነ ቂም አልያዘም፤ ከረጢቱን ሲያወጣ ግን አፈረ። «አያ ዳኘው፣ ነቅዟል እኮ» አለ። እሳቸው እጃቸውን ከተቱና አንድ እፍኝ ዘገኑ። አንዲት ነቀዝ ከፍሬዎቹ መሃል ወጥታ በመዳፋቸው ላይ መሄድ ጀመረች። ቀድሞ ቢሆን በአውራ ጣታቸው ይደፈጥጧት ነበር። «ይንቀዝ» አሉ። «ነቀዝ የሚበላውን ልብላ።»

ቅዳሜ ጸሎቱ ተደርሶ ሕዝቡ ሲቀመጥ፣ ካህኑን አባ ዘሚካኤልን አስፈቅደው ተነሡ። ሰው ስለ ልጃቸው ሊናገሩ መስሎት ነበር።

«ዛሬ አመድ ላድላችሁ ነበር» አሉ። «እግዜር አተረፋችሁ።» ከዚያ ሁሉንም ሳይደብቁ ተናገሩ፤ እንጨቱን፣ አመዱን፣ ዶሮዎቹን። የአምለሰትን መዳፍ አስፈቅደው አሳዩ። የደሙን ደቦም በቦዩ መስለው ነገሩ፤ ከያምሮት የተሻለ ነገሩት ይባላል። ሲጨርሱ ቁጣቸው ተመለሰ። «እንጨቱን ሜዳችን ላይ የጣሉት ሰዎች መርዝ እንዳለበት ያውቁ ነበር። አንድ ቃል ተናግረው ቢሄዱ ምን ይጎድልባቸው ነበር? ሰኞ ቢሯቸው እሄዳለሁ፤ የቀረውን እንጨት መጥተው ይሰብስቡ። የሚከተለኝ ይከተለኝ። እስከዚያው አረንጓዴ ምሰሶ ያለው ሰው እንዳያነደው፣ እንዳይፈልጠው፣ የከብት ገንዳም እንዳይሠራበት።»

የተከተላቸው ሰው ጥቂት አልነበረም። ቢሮው ሲያመላልሳቸው ከርሞ፣ በኋላ መኪና ልኮ እንጨቱን ጫነ። ዛሬ በዚያ ቀበሌ በቆሎ በደንብ ሳይደርቅ አይከተትም። የደረቀው አየር በማያስገባው ድርብርብ ከረጢት ተሞልቶ፣ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ነቀዙ የሚተነፍሰው አጥቶ ይሞታል፤ እህሉ ላይ የሚጨመር ምንም ነገር የለም። የአያ ዳኘው ዶሮዎች በዝተዋል። ያምሮት የላከቻት ሐኪም ቤት አምለሰትን መርምሮ ክትትል ጀምሮላታል፤ የእግሯ መደንዘዝ ቀለል ብሏል፣ መዳፏ ግን ገና ነው። በደም ቅዳ ግድግዳ ውስጥ የተሠራ ጓል በአንድ ጀምበር አይፈርስም። ነገር ግን መርዙ የቀረበት ቤት ሌላ ጓል አይጨምርም፤ የልጆቿ ደም ደቦውን በሥርዓት እንዲሠራ ተትቷል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። ከጠያቂ ሰው ቤት ነቀዝ ይገባ ይሆናል፤ ሞት ግን እንዳሻው አይገባም።

በሚቀጥለው ዓመት መስቀል አልፎ ቦይ ሲጠረግ አያ ዳኘው እንደ ልማዳቸው አፋፉ ላይ ቆመው ያዝዙ ነበር። ከመሃል ገነነ አካፋውን ተክሎ ቆመ፤ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ከአጠገቡ ያሉት ጎረምሶች ተጠቃቀሱ፤ አንዱ፣ «ገነነ ደግሞ ሥራ ሲያይ ይደክመዋል» አለና ሳቁ።

አያ ዳኘው ቦዩ ውስጥ ዘለው ገቡ። በዚያ ዕድሜያቸው እንዲያ ይዘላሉ ብሎ የጠበቀ አልነበረም። «ማን ነው የሳቀው?» አሉ። «ከእንግዲህ በዚህ ቦይ ደረቴን ያለ ሰው ሰነፍ አይባልም። የሚል ካለ ውሃ አያገኝም።» ገነነን ደግፈው ጥላ ሥር አስቀመጡት፤ ከሳቁት ሁለቱን ወደ ሐኪም ቤት ይዘውት እንዲሄዱ አዘዟቸው።

ከዚያ የገነነን አካፋ አነሡ። ልጃቸው ወድቆበት ከነበረው ሥፍራ ቆመው፣ ደለሉን ሞልተው ዛቁና ከቦዩ ከንፈር አርቀው ጣሉት።